ወፏ፣ ሌባ ሻዩና ፕሮፋይለሩ

ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት በሌሊት ተነድቶ ሲታጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ኮቴ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ምንም አይዝም፤ በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ደግሞ ውሃው ሁሉንም ይጠርገዋል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ጠና ሲል ግን የረገጠውን ሁሉ ያሳብቃል። ዱካው አስፋልት ላይ ከወጣ ነገሩ ይከብዳል። ወረታ የሦስት መንገድ ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር፣ አንዱ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይሄዳል። ያኔ ሰው ዓይኑን ከመሬት አንስቶ ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዶ እንደሚያድር ማን ያውቅ ነበር? ውሻው ለምን ዝም አለ? በበረቱ ከነበሩት ሁሉ የተመረጠችው ያቺ ወተታም የፎገራ ላም ናት ወይስ ሌባው በር ላይ ያገኘውን ነው የነዳው?

ከድርጊቱ ተነሥቶ ወደ አድራጊው መሄድ ማለት ይኸው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ሥራ ፕሮፋይሊንግ ተብሎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሮ፣ ሥልጠናና ዝና ኖሮታል፤ ፊልሙም ተከታታይ ድራማውም ወጣቱን ማርኮታል። እኛም አገር ያልታየን ወንጀለኛ የማግኘት ሥራ ተቋም አልባ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ነበሩን። አንደኛው በሰመመን ውስጥ ባለ ልጅ ይሠራል፤ ሁለተኛው በጎረቤት አፍ።

የመጀመሪያው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ ያመለክታል፤ ሌባ ሻዩ ከመንግሥት ዕውቅና ያለው፣ መድኃኒቱንም ሥርዓቱንም የያዘ ሰው ነው። አንድ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል፣ የሚጨስም ይጨመርለታል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተወላከፈ፣ አንዳንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ መንደሩን ያቋርጣል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ በርካታ ተጓዦች ይህን በመገረም ጽፈውታል፤ አንዳንዶቹም ገመዱን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ልብ ብለዋል።

ገመዱ ነው ቁም ነገሩ። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ገመዱን የያዘው ግን የመንደሩን ወሬ ሰምቷል፣ ማን ማንን እንደሚጠረጥር ያውቃል። ገመድ ሲላላና ሲጠብቅ ደግሞ አቅጣጫ ይሰጣል። ተንኮል ነው አላልኩም፤ የያዘው ሰው ራሱም ላያውቀው ይችላል። ሕዝቡ የሚያየው ግን መድኃኒት ያዞረውን ንጹሕ ሕፃን ብቻ ስለሆነ ፍርዱን የሚከራከርበት መንገድ አልነበረም። ባህሩ ዘውዴ በታሪክ መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት ሌባ ሻይን ያስቀሩት ልጅ ኢያሱ ናቸው። በዚያው አጭር ዘመን ባለዕዳንና አበዳሪን በአንድ ሰንሰለት የሚያቆራኘው የቁራኛ ልማድ ተሻሻለ፤ አዲስ አበባም ተረንቡሌ የተባለ የከተማ ዘበኛ አገኘች። ሌባ ሻይ የተሻረውና ዘበኛ የተቋቋመው በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ለእኔ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቋም ከዚህ ይልቅ ብልህ ነበር። በሸዋ አፈርሳታ፣ በጎጃምና በጎንደር በይበልጥ አውጫጭኝ ይባላል። ሰው ተገድሎ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ከዚያ በኋላ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻ ይቆማል፣ ከብት ጠባቂ ያጣል፣ ቀኑ ይገፋል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይቀመጡና እያንዳንዱ ሰው በተራው ቀርቦ በመሐላ ይጠየቃል፦ ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ የጠረጠርከውን ተናገር። የማያውቅ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ይምላል።

የሚያውቅ ግን የሚያንሾካሹክበት ቦታ አገኘ ማለት ነው፤ የተቋሙ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የነገራቸውን ሰው ስም ላያወጡ ቃል አለባቸው። የተጠርጣሪው ስም በሸንጎ ሲነገር ምንጭ ሆኖ የሚጠራው ወፍ ነው፤ ወፏ እንዲህ አለች ይባላል። ደመኛ ያለበት፣ ባለጠመንጃ የሚፈራ፣ ዘመዱን በገሃድ ሊያጋልጥ የማይችል ሰው ሁሉ በወፏ ክንፍ ሥር ይገባል። ወፏ ያወጣችው ሰው ደግሞ ወዲያው ወንጀለኛ አይሆንም፤ ተከሳሽ ይሆንና ክርክሩ ይጀመራል።

ወፏ ብቻዋን ግን አትበቃም ነበር። ተቋሙን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ገንዘብ ነው። ሌባው ካልወጣ የጠፋውን የሚከፍለው የአካባቢው ሰው በሙሉ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ወጪ አለው። ለጎረቤቱ ብሎ የሚሸፍን ሰው ለጎረቤቱ ላም ከኪሱ ያወጣል፤ ሦስተኛዋ ላም ስትጠፋ ምስጢር መጠበቅ ይሰለቸዋል። ከተማ ተቀምጦ ይህን ልማድ አረመኔያዊ ማለት ቀላል ነው፣ ብዙ የሕግ ሰዎችም ብለውታል። ግን አንድ መንግሥት ደመወዝተኛ መርማሪ፣ መዝገብ፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ዘመን መረጃ ካለበት ቦታ እንዴት እንደሚወጣ አስቦ የሠራው ነው፤ መረጃው ያለው ደግሞ በጎረቤት ሆድ ውስጥ ነበር።

ጉድለቱም ከዚያው ከሆዱ ይወጣል። በደም የተፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦች ባሉበት አጥቢያ ወፏ የማን እንደሆነች መገመት አይከብድም። መሬት የሌለው፣ በቅርብ የመጣ፣ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ሆኖ ቡዳ የሚባል ሰው ስሙ ለመጠራት ቅርብ ነው፤ ተከላካይ ዘመድ የለውማ። በአውጫጭኝ የመጀመሪያው መረጃ ጥርጣሬ ነው፣ ጥርጣሬ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ሁሉ ቀድሞ በሚመለከተው አቅጣጫ ይሄዳል። ያላጠፋውን ሁሉ አስቀምጦ ማዋል፣ ያላጠፋውንም ማስከፈል ግልጽ ግፍ ነው።

አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ግፉን አስቦ ወፏን ረሳት። የፖሊስ አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በ1954 ዓ.ም. ተከተሉ። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ወንጀል የግል ነው፣ ቅጣትም የግል ነው፤ ምርመራ የፖሊስ ነው፤ ተጠርጣሪ እንዲናገር አይገደድም። አፈርሳታም ሆነ አውጫጭኝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በወረቀት ላይ ተቋሙ አበቃ። በገጠር ግን አላበቃም፤ ስታንሊ ፊሸር የተባሉት የሕግ ምሁር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የወንጀል ሥርዓት ሲጽፉ አፈርሳታን እንደ ሞተ ነገር አላዩትም። በአማራ ክልል ገጠር እስከ ዛሬም ነፍስ ጠፍቶ ገዳዩ ሲሰወር አውጫጭኝ ይደረግ የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዝም የማለትንና ንጹሕ ሆኖ የመገመትን መብት በአንቀጽ 19 እና 20 ካስቀመጠ በኋላ አንድን መንደር አግቶ ማናገር የሚቻልበት ሕጋዊ መንገድ የለም። መርማሪው ለብቻው በየቤቱ ይዞራል፤ የሚያገኘውም በአብዛኛው አላየሁም አልሰማሁም ነው።

አሁን ባሕር ማዶ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ውስጥ ሴቶችን እያረደ ስለሚጥለው ሰው የፖሊስ ሐኪሙ ቶማስ ቦንድ ከቁስሎቹ ተነሥተው ስለ ገዳዩ ጠባይ ጻፉ፤ ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሙያው ጀግና ተብሎ የሚጠራው ግን የኒው ዮርኩ የአእምሮ ሐኪም ጄምስ ብረስል ነው። ከ1940 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ቦምብ እየሠራ በየሲኒማውና በየባቡር ጣቢያው የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ብረስል የፖሊሱን መዝገብ አይቶ ሰውዬው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ያላገባ፣ በኤሌክትሪክ ኩባንያ ላይ ቂም የያዘ ነው አለ፤ ስትይዙትም ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ቆልፎ ታገኙታላችሁ ብሎ ጨመረ። በጥር 1957 እ.ኤ.አ. የተያዘው ጆርጅ ሜተስኪ ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ ኮቱ እንደተባለው ነበር።

ዓለም ኮቱን ያስታውሳል። ሜተስኪን ያስያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ብረስል ፖሊሶቹን የመከራቸው ትንታኔውን በጋዜጣ አውጡት ብሎ ነው፤ አንድ ጋዜጣም ለቦምብ ጣዩ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ሰውዬው መልስ ሰጠ፤ በሥራ ላይ ስለደረሰበት ጉዳትና ስለ ካሣው መነፈግ እየዘረዘረ ጻፈ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ጸሐፊ አሊስ ኬሊ የድሮ የካሣ መዝገቦችን ስታገላብጥ ያንኑ ቅሬታና ያንኑ አነጋገር የያዘ ፋይል አገኘች። ትንታኔው የጠቀመው ወንጀለኛውን ስለገለጸ አይመስለኝም፤ ስላናገረው ነው። የፎገራ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባው ነበር።

የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ1972 እ.ኤ.አ. በኳንቲኮ የባሕርይ ሳይንስ ክፍል ሲያቋቁም ሆዋርድ ቴተንና ፓትሪክ ማላኒ ያስተምሩ ነበር። ቀጥለው የመጡት ሮበርት ሬስለርና ጆን ዳግላስ እስር ቤት እየገቡ 36 ገዳዮችን አነጋገሩ፤ ከዚያም ወንጀለኛን የተደራጀና ያልተደራጀ ብሎ የሚከፍል ዘዴ ወጣ። ሠላሳ ስድስት ሰው። የአንድ ቀበሌ አውጫጭኝ ከዚህ የበለጠ ሰው ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ካንተር ባልደረቦቻቸውን ይዘው የ100 አሜሪካዊ ተከታታይ ገዳዮችን ድርጊት በ2004 እ.ኤ.አ. ሲፈትሹት ሁለቱ ዓይነቶች ተለይተው አልታዩም።

ታዲያ ያስይዛል ወይ? ጋሪ ኮፕሰን በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት ምክር የተጠየቀባቸውን 184 የብሪታንያ ጉዳዮች መርማሪዎችን ጠየቁ። ጠቅሞናል ያሉት 82.6 በመቶ ናቸው። ጉዳዩን ለመፍታት ረድቶናል ያሉት 14.1 በመቶ። ወንጀለኛውን አስለይቶናል ያሉት 2.7 በመቶ ብቻ። ከ82 ወደ 2 የሚወርደው ያ ልዩነት የሙያውን ታሪክ ሁሉ ይዟል፤ መርማሪው አብሮት የሚያስብ ሰው ስላገኘ ደስ ይለዋል፣ ሌባው ግን አልተያዘም። ሎረንስ አሊሰንና ጓደኞቻቸው ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. አንድን ትንታኔ ለፖሊሶች ሰጥተው፣ ለግማሾቹ የእውነተኛውን ወንጀለኛ ታሪክ፣ ለግማሾቹ የፈጠራ ታሪክ አብረው ሰጡ። ሁለቱም ወገኖች ትንታኔው ተያዘ ከተባለው ሰው ጋር ገጠመ አሉ።

ገመዱ እዚህም አለ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ በሐምሌ 1992 እ.ኤ.አ. ሬቸል ኒኬል የተባለች ወጣት እናት በዊምብልደን ሜዳ ላይ በሕፃን ልጇ ፊት ተገደለች። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፖል ብሪተን የገዳዩን ጠባይ ጻፉ፤ ፖሊስ ከጠባዩ ጋር ይመሳሰላል ያለውን አንድ ብቸኛ ሰው አገኘና ፍቅር የያዛት የምትመስል ሰላይ ላከበት። በ1994 እ.ኤ.አ. ዳኛው ማስረጃውን ውድቅ አድርገው ሰውዬው ተለቀቀ። እውነተኛው ገዳይ ሮበርት ናፐር በዲኤንኤ ተለይቶ ፍርድ ቤት የቆመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፖሊስ ሌላውን ሰው አስሮ በያዘበት በኅዳር 1993 እ.ኤ.አ. ናፐር ሌላ እናትና የአራት ዓመት ልጇን ገድሏል። ብቸኛ፣ ጎረቤት የማይወደው፣ ለየት ያለ ሰው፤ አውጫጭኙ ላይ ወፏ የምትጠራው ያው ሰው። ከዚያ ወዲህ ብሪታንያ ፕሮፋይለር የሚለውን ስም ትታ የባሕርይ ምርመራ አማካሪ በሚል የተመዘገቡና ሥራቸው የሚመዘን ባለሙያዎች ይዛለች፤ ሥራቸውም ይህ ነው ብሎ መጠቆም ሳይሆን ከማን እንጀምር፣ በምን እንጠይቅ የሚለውን ማደራጀት ነው።

ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የሚማር የወረታ ልጅ ፕሮፋይለር መሆን እፈልጋለሁ ቢል ምን ይባላል? ኤፍቢአይ ራሱ ፕሮፋይለር የሚባል የሥራ መደብ የለኝም ይላል፤ በባሕርይ ትንተና ክፍሉ ያሉት ብዙ ዓመት በምርመራ ያሳለፉ ወኪሎች ናቸው። እኛም ዘንድ መንገዱ ያው ነው፤ ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ የምርመራ ክፍል፣ ወይም ሕግ ተምሮ ዐቃቤ ሕግነት። ሥነ ልቦናው ይጠቅመዋል፤ በይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሕፃን ምስክርን ሳያስፈራና ሳይመራ መጠየቅ ላይ፣ የተጠርጣሪ ቃል በድብደባ ሲመጣ የማይታመንበትን ምክንያት በማወቅ ላይ ነው። በቴሌቪዥን አይታይም እንጂ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። አስከሬን ለምርመራ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ሲጓጓዝ በኖረበት አገር ደግሞ የገዳይን የልጅነት ሕይወት ከመተንተን በፊት የሚቀድም ብዙ ነገር አለ።

ያም ሆኖ ከፕሮፋይሊንግ ቤተሰብ ለፎገራ የሚሆን አንድ ልጅ አለ፤ የቦታ ትንተና። ካንተር በ1986 እ.ኤ.አ. በለንደን ባቡር ጣቢያዎች አካባቢ ሴቶችን የሚያጠቃውን ሰው ሲመረምሩ መጀመሪያ ያደረጉት ካርታ ላይ ነጥብ መጣል ነው። የቀደሙት ጥቃቶች የተሰበሰቡበትን ቦታ አይተው መኖሪያው እዚህ ነው አሉ። ጆን ደፊ በፖሊስ እጅ በነበረው ወደ 2,000 የሚጠጋ ስም በያዘ ዝርዝር ውስጥ ወደ ታች ተቀብሮ ነበር፤ ወደ ላይ ወጣ። ካናዳዊው ፖሊስ ኪም ሮስሞ ይህንኑ በሒሳብ ሠሩት። ፎገራ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በምዕራብ ጣና አለ፣ ወንዞቹ ሲሞሉ የሚሻገሩበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ላም በሌሊት የምትራመደው የታወቀ ነው፣ የሚያወጣው አስፋልት ሦስት ነው። የጠፋበትን ሰዓት፣ ቦታና አቅጣጫ ዓመት ሙሉ በአንድ ደብተር የሚጽፍ ጣቢያ ምሁር ሳይቀጥር ብዙ ያያል።

ይህ የሚያስፈልገው ደግሞ አሁን ነው፤ ምክንያቱም ሩዝ። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሜዳው ገብቶ በየዓመቱ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ገንዘብ አደረገው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ መፈልፈያው፣ መጋዘኑ፣ ነጋዴው በዝቷል፤ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። አውጫጭኝ የቆመው ሁሉም ሁሉንም ያውቃል በሚል መሠረት ላይ ነበር። ስሙን ማንም የማያውቀው ሠራተኛ በሚመጣበትና በሚሄድበት ሜዳ ወፏ የምታውቀው ያነሰ ነው፤ የምትጠረጥረው ግን ያው እንግዳው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ስም መጠራትን ከእስር በላይ የሚያስፈራ አድርጎታል።

ሕጉ ወፏን ጨርሶ አልረሳም። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚናገር ሰው ማንነቱ እንዲሰወር፣ ቦታ እንዲቀየርለት፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ እንዲመሰክር ይፈቅዳል። የሚሠራው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ለሚችሉ ወንጀሎች ነው። ገዳይ ያየ ሰው በሕጉ ሊጠለል ይችላል። ተራ ስርቆት ከዚያ መስመር በታች ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ላሟን ሲነዳ ያየ ገበሬ ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከተናገረ ስሙ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ፍርድ ቤት ይጠራል፣ ጎረቤቱም ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማዋል።